የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሳርና የውሃ ሒሳቡ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የምትገኘው መቂ በቲማቲምና በሽንኩርት ምርቷ የምትታወቅ ከተማ ነች። በስሟ የሚጠራው ወንዝ ከጉራጌ ደጋማ አካባቢዎች ተነስቶ ወደ ዝዋይ ወይም ደንበል ሐይቅ ይገባል። በወንዙና በሐይቁ ዳርቻ የሚገኙ አርሶ አደሮችም በፓምፕ ውሃ እየሳቡ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ያመርታሉ። ከመስኖ ማሳዎቹ ወጣ ሲባል ግን መልክዓ ምድሩ ሌላ ነው። አፈሩ አሸዋማና በእሳተ ገሞራ ብናኝ የተሞላ በመሆኑ የዘነበውን ውሃ ይዞ አያቆይም፤ ዓመታዊው ዝናብም ከ700 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች መስፋፋቱን ተከትሎ የመንገድ አካፋዮችን፣ አደባባዮችንና የመሥሪያ ቤት ቅጥር ግቢዎችን ሳር ማልበስ የከተማ ውበት አንዱ መለኪያ ሆኗል። አረንጓዴ ሥፍራ አቧራን እንደሚቀንስና ለነዋሪው ማረፊያ እንደሚሆን አያጠያይቅም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚሠራ አሠራር ወደ 1 ሺህ 600 ሜትር ሲወርድ ውጤቱ ተመሳሳይ ይሆናል ብሎ ማሰብ ግን ያሳስታል።

ጉዳዩን በውሃ መጠን ማየት ይቻላል። በስምጥ ሸለቆ የበጋ ፀሐይ አንድ ካሬ ሜትር ሳር በቀን 5 ሊትር ውሃ ይፈልጋል ተብሎ ቢሰላ፣ 1 ሺህ ካሬ ሜትር ስፋት ያለው አንድ አደባባይ በየቀኑ 5 ሺህ ሊትር ይጠጣል። ይህም 250 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ ሕዝብ ላላቸው ከተሞች የተቀመጠው መሥፈርት ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ነበር። በዚህ ስሌት አደባባዩ የ100 ነዋሪዎችን የዕለት ድርሻ ይወስዳል። በአካባቢው በርካታ ጉድጓዶች የከርሰ ምድር ውሃው የፍሎራይድ መጠን ከፍተኛ በመሆኑ ለመጠጥ የሚሆን ውሃ ማግኘት ቀላል አለመሆኑ ሲታከልበት፣ በቧንቧ ውሃ ሳር ማጠጣት ምን ያህል ውድ እንደሆነ ግልጽ ይሆናል።

የሐይቁም ጉዳይ ከዚህ ተለይቶ አይታይም። ከደንበል የሚወጣው ቡልቡላ ወንዝ የአብጃታ ሐይቅ ዋነኛ መጋቢ ነው። አብጃታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ስለሆነ ከላይ የሚቀነስበት ውሃ ሁሉ በቀጥታ ከስፋቱ ላይ ይቀነሳል፤ ባለፉት አሥርት ዓመታት ከግማሽ በላይ ስፋቱን አጥቷል። ለዚህ የመስኖ እርሻውና የሶዳ አሽ ፋብሪካው ድርሻ ከከተማ ሳር ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሆኖም ለአትክልት አምራቹ ቁጠባን የሚመክር አስተዳደር በደጃፉ ውሃ ሲያፈስ መታየቱ ምክሩን ያቀለዋል። በአሜሪካ የኔቫዳ ግዛት በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ፣ በላስ ቬጋስና አካባቢዋ ለጌጥ ብቻ የሚያገለግል ሳር ከ2027 ጀምሮ በኮሎራዶ ወንዝ ውሃ እንዳይጠጣ ተወስኗል።

ይህ ማለት መቂና መሰሎቿ ሳር አይኑራቸው ማለት አይደለም። ደጋ የሚወደው ኪኩዩ ሳር እዚህ የሚኖረው በቧንቧ ብርታት ነው። ሰርዶ በአንፃሩ የአገሩ ተወላጅ ነው፤ እየተሳበ አሸዋውን ይይዛል፣ ድርቅንና ጨዋማነትን ይቋቋማል። የሽንኩርት አምራቹ ከማሳው ነቅሎ ለማጥፋት ዘወትር የሚታገለው ይኸው ሰርዶ መሆኑ የሚያስገርም ነው፤ ከተማው ሌላ ሳር በገንዘብ ከሚገዛ ከገበሬው አረም መውሰድ በቻለ ነበር። በጥቁር አፈር ላይ አድጎ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ የሚመጣ ሳር በአሸዋ ላይ ሲነጠፍ ሥሩ ከጭቃው ንጣፍ ወደ ታች መዝለቅ ያቅተዋል፤ ውሃ በተቋረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥም ይነሳል። የሰርዶ ቁርጥራጭ የበሰበሰ ፍግ በተቀላቀለበት አፈር ላይ በክረምቱ መግቢያ ቢተከል ግን ሥሩን በዝናቡ ይሰዳል። ማጠጣት ካስፈለገም ጎህ ሲቀድ ይመረጣል፤ በቀትር ከሚረጨው ከፊሉ ለነፋስና ለፀሐይ ነው። ሰርዶ በጥር ቢገረጣ ሞተ ማለት አይደለም፣ ዝናብ ሲያገኝ ይመለሳል። ለዚህ ትዕግሥት የሚጠይቀው የኃላፊው ዓይን ነው። በአካባቢው ጋርቢ የሚባለው ግራር በክረምት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ ስለሚለመልም፣ ከሥሩ ላለው ሳር ጥላ የሚሰጠው በሚያስፈልግበት ወቅት ነው።

ዋናው ችግር ያለው ግን ከአፈሩ ይልቅ በበጀት አያያዝ ላይ ነው። የሳር ተከላ በካፒታል በጀት ሥር ይያዛል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ርክክቡ ከዚያ በፊት እንዲያልቅ ይፈለጋል፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ሁሉንም ያለመልማል፣ ሪፖርቱም ያማረ ይሆናል። ከጥቅምት በኋላ የሚያስፈልገው የአትክልተኛ ደመወዝ፣ የውሃ ክፍያና ፍየል የሚመልስ የጥበቃ ሠራተኛ ግን የመደበኛ በጀት ጉዳይ ነው። ይህ በዕቅዱ ካልተካተተ የበጋው ሳር ባለቤት የለውም፤ በቀጣዩ ሰኔም ያው ሥፍራ እንደ አዲስ ይተከላል። የውል ሰነዱ የመጨረሻውን ርክክብ ከሰኔ ወደ የካቲት ቢያዛውርና ከክፍያው የተወሰነውን እስከዚያው ቢይዝ፣ ተቋራጩ የሚያስረክበው አንድ በጋ ያለፈበትን ሳር ይሆናል።