«መድረክህን አልረግጥም» ያለ ምን አጠፋ?

«ጥበብ ከፖለቲካ ነፃ ናት» የምትባል አባባል አለች። እኔ ይህቺን አባባል በሰማሁ ቁጥር አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ማነው የሚናገራት? አብዛኛውን ጊዜ ተናጋሪው ከመንግሥት ድግስ ጠግቦ የወጣ ሰው ነው። ተርቦ የሚናገራት እስከዛሬ አላጋጠመኝም።

ገዢዎች ግን ፈጽሞ አያምኑባትም። የጥንት መኳንንቶቻችን «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ የነበረው ዜማው አምሯቸው አልነበረም። ግራዚያኒም ቢሆን የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ ከተወረወረበት በኋላ ያሳደነው አርበኛውን ብቻ አይደለም። ጠንቋዩ፣ ትንቢት ተናጋሪው፣ በየገበያው እየዞረ ወሬና ታሪክ የሚያዜመው ሁሉ እየተለቀመ እንዲረሸን አዟል። ማሲንቆ ጥይት አይተኩስም። ፋሺስቱ ግን ማሲንቆ ምን እንደሚሠራ ከኛ «ገለልተኞች» ይልቅ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ይህን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። በኦስትሪያ እ.ኤ.አ. በ2024 በተካሄደው ምርጫ ቀኝ አክራሪው የነፃነት ፓርቲ 29 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ አንደኛ ወጣ። ሌሎቹ ሦስት ፓርቲዎች በ2025 ተጣምረው መንግሥት ስለመሠረቱ ሥልጣኑን አላገኘም። ጥያቄው ግን ተመልሶ መጥቷል። እንዲህ ያለ ፓርቲ መንግሥት ሲሆን ሙዚቀኛውና ጸሐፌ ተውኔቱ ምን ያድርጉ? ጥለው ይሂዱ ወይስ ቆይተው ይጫወቱ? መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ እዚያው አገር በ2000 የሆነውን ማየት ይበቃል።

በኦክቶበር 1999 ምርጫ የዮርግ ሃይደር የነፃነት ፓርቲ 27 በመቶ ገደማ አግኝቶ ሁለተኛ ወጣ። ሦስተኛውን ፓርቲ የበለጠው በ415 ድምፅ ብቻ ነው። ሃይደር ማለት የሂትለር መንግሥት ለሕዝቡ ሥራ በመስጠት በኩል ደህና ነበር ብሎ በምክር ቤት ተናግሮ በ1991 ከአገረ ገዢነቱ የተነሣ፣ በ1999 ደግሞ ተመልሶ የተሾመ ሰው ነው። የፓርቲው የቅስቀሳ ዜማም መጤ በዛብን የሚል ነበር። ሦስተኛ የወጣው ወግ አጥባቂ ሹሰል ከዚሁ ፓርቲ ጋር ተሻርኮ የመንግሥት መሪ ሆነ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2000 ሚኒስትሮቹ ቃለ መሐላ ሊፈጽሙ ሲሉ ደጁን ሰልፈኛ ስለሞላው፣ ከመሬት በታች ባለ መተላለፊያ ሾልከው ሄዱ። ገና በመጀመሪያ ቀኑ በጉድጓድ የሄደ መንግሥት!

ጸሐፌ ተውኔቷ ኤልፍሪዴ ዬሊኔክ ተውኔቶቼ በኦስትሪያ የመንግሥት መድረኮች አይታዩም ብላ ከለከለች። ያን ጊዜም «ሴትዮዋ ምን አገባት ፖለቲካ ውስጥ?» ያሉ ነበሩ። የረሱት ነገር አለ። የሃይደር ፓርቲ በ1995 ስሟን በምርጫ ፖስተር ላይ አትሞ፣ እሷንና መሰሎቿን ትወዳላችሁ ወይስ ጥበብና ባህልን እያለ ሕዝቡን አስመርጦባታል። እንግዲህ ፖለቲካ ውስጥ የገባችው እሷ ናት ወይስ ፖለቲካው ነው ቤቷ ድረስ የመጣው?

አድማዋን ያከበርኩት ግን ስለከለከለች ብቻ አይደለም። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ሃይደርን ራሱን እያናገረች የጻፈችው የአንድ ሰው ተውኔት ከመሪው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት፣ አደባባይ ላይ ተነበበ። መንግሥት የነፈገችውን ለመንገደኛ በነፃ ሰጠች ማለት ነው።

በዚያው ወር ጀርመናዊው ክሪስቶፍ ሽሊንገንዚፍ ቪየና ኦፔራ ቤት አጠገብ ኮንቴይነር ደርድሮ 12 ጥገኝነት ጠያቂዎችን አስገባና «መጤ ይውጣ» የሚል ሰሌዳ ከላይ ሰቀለ። ከዚያም ከአገር የሚባረሩትን በየቀኑ በድምፅ ምረጡ አለ። የፓርቲውን ቋንቋ ቃል በቃል ወስዶ ለቱሪስት አሳየው። ጮኸው የመጡት ደጋፊዎቹ ብቻ አልነበሩም፤ ሰሌዳውን ሊቀዱ የመጡት የመንግሥቱ ተቃዋሚዎች ጭምር ናቸው።

ሦስተኛው ቤልጅጋዊው ጄራርድ ሞርቲየ ነው። የሳልዝቡርግ የሙዚቃ በዓል ዳይሬክተር ሳለ ጊዜዬ ሳያልቅ እለቃለሁ ብሎ አስታወቀ፤ ወዲያው ሐሳቡን ለውጦ ቀረ። ብዙ ተሳቀበት። እኔ ግን አልስቅበትም። በ2001፣ በስንብት ዓመቱ፣ የቪየና ሰው እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያየውን የዮሐን ሽትራውስን «የሌሊት ወፍ» የኦስትሪያን ገመና እንዲገልጥ አድርጎ አሠራው። ውድ ቲኬት የገዛው ታዳሚ እየጮኸ ተቃወመ። ከቆዩ አይቀር እንዲህ ነው መቆየት!

አሁን ተከራካሪዎቼ የሚሉትን ልስማ።

«አድማ የሚጎዳው ምስኪኑን ተመልካች ነው» ይላሉ። ምስኪኑ ተመልካች የበዓሉን ቲኬት መቼ ገዝቶ ያውቃል? ከፊት ረድፍ የሚቀመጠው ሚኒስትሩ ነው። በማግሥቱ ጋዜጣ ላይ ከዝነኛው ሙዚቀኛ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚታየውም እሱው ነው። አድማው የሚነፍገው ያቺን ፎቶግራፍ ነው።

«ቆይቶ ከውስጥ መታገል ይሻላል» ይላሉ። የኦርኬስትራ መሪው ፉርትቬንግለርም በናዚ ጀርመን የቆየው የጀርመንን ሙዚቃ ላድን ብሎ ነው። በ1942 ለሂትለር የልደት ዋዜማ ቤትሆቨንን ሲመራ ተገኘ። ሙዚቃውን አዳነው ወይስ ሙዚቃው የልደት ኬክ ሆነ? ጣሊያናዊው ቶስካኒኒ ግን በ1931 ቦሎኛ ላይ የፋሺስቶቹን መዝሙር አላሰማም ብሎ በጥፊ ተመታ። በ1933 በሂትለር ምክንያት ከባይሮይት ቀረ፤ ቦታውን የሚተካለት ሪቻርድ ሽትራውስ አልጠፋም። በ1938 ኦስትሪያ ለሂትለር ልትንበረከክ ስትል ሳልዝቡርግን ተወ። ቤቱ ተቀምጦ ግን አላኮረፈም። በ1936 ከናዚ የሸሹ አይሁድ ሙዚቀኞች ያሉበትን ኦርኬስትራ ያለ ክፍያ ሊመራ ፍልስጤም ድረስ ሄዷል።

«ለሀብታም ቀላል ነው» የሚሉት ላይ ግን እውነት አለ፤ አልክድም። ለኪራይና ለልጆቹ ቀለብ የሚዘፍነውን የኮረስ አባል፣ መጋረጃ ጎታቹን፣ «ለምን አላደምክም?» ብዬ አልወቅስም። ሸክሙ የሚገባው ስሙ ፖስተር ላይ በትልቁ ለሚጻፍለት ነው። መንግሥት ጌጥ የሚያደርገው እሱን እንጂ መጋረጃ ጎታቹን አይደለም።

«ምን ፋይዳ አመጣ?» ለሚሉትም መልስ አለኝ። እውነት ነው፣ የሹሰል መንግሥት በአድማ አልወደቀም። 14ቱ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች የጣሉት ማዕቀብ እንኳ በሴፕቴምበር 2000 ተነሥቷል። የዬሊኔክ ተውኔትም ፓርቲው ገና ሥልጣን ላይ እያለ፣ በ2003፣ ቪየና መድረክ ላይ ወጥቷል። አድማ መንግሥት ይጥላል ያለ ግን ማነው? መንግሥት የሚጥለው መራጭ ነው። የጥበብ ሰው ሥራ መራጩ የሾመውን ሰው ያለ ጌጥና ያለ አጃቢ፣ እንዳለ እንዲያየው ማድረግ ነው።

ስለዚህ ስለ ማንኛውም አድመኛ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ከኪሱ ምን ከፈለ? በማይጋበዝበት ድግስ አልሄድም ያለ ምንም አልከፈለም። ሁለተኛ፣ ከሚኒስትሩ የነፈገውን ለማን ሰጠው? ለማንም ካልሰጠ ኩርፊያ ነው፤ ኩርፊያ ደግሞ ለገዢ ዕረፍት ነው።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። አይነቅዝ ይሆናል፤ ግን አይበቅልምም። የቀረ ሰው ለምን እንደቀረ ጮክ ብሎ ይናገር። «እረኛ ምን አለ?» ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ «አልዘፍንልህም አለ» የሚለው መልስ ቤተ መንግሥት ድረስ ይግባ።