ቀለበቱን ቆይ ወንድሜ!

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ እንቅልፍ ነሳኝ። ጸሐፊው የ25 ዓመት ወጣት ነው። ሁለት ዓመት አብራው የቆየች ልጅ አንድ ሌሊት አንዲት ቃል ሳትጨምር ዘፈን ብቻ በቴሌግራም ላከችለት። የዊትኒ ሂውስተንን «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ»። ከዚያ ወዲህ ስልክ ስታነሳ ወሬዋ አጭር ሆኗል። እሱ ግን «አፍራኝ ነው» ብሎ ቀለበት ሊገዛ ተነስቷል። ጥያቄው ምን መሰላችሁ? «ስንት ግራም ይበቃል?»

ቆይ ወንድሜ! ወርቅ ቤት ከመግባትህ በፊት አንዴ ስማኝ።

ዘፈኑን አብዛኞቻችን የምናውቀው «ዘ ቦዲጋርድ» ከሚባለው ፊልም ጋር ነው። ፊልሙ በፈረንጆች 1992 የወጣ ነው፤ በዕድሜ ይበልጠኛል። እውነቱን ልናገር አይደል? አልወደድኩትም። ኬቪን ኮስትነር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፊቱን እንደቋጠረ ነው፤ ፍቅር ይዞት ይሁን ጥርሱን አሞት አይለይም። ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። ሲኒማ ቤቶችን ቢሞላም፣ ለመጥፎ ፊልሞች የሚሰጠው የ«ራዚ» ሽልማት በሰባት ዘርፍ አጭቶታል። ዘፈኑ ግን አሜሪካ ውስጥ 14 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ከረመ። መግቢያው ላይ ያለ ሙዚቃ በድምጿ ብቻ ትጀምር ብሎ የወተወተው ይኸው ፊቱን የቋጠረው ሰውዬ ነው። ለዚህች ስል ምሬዋለሁ።

ጉዱ ያለው ግን ከፊልሙ በፊት ነው። ዘፈኑን የጻፈችው ዶሊ ፓርተን ናት፤ በ1974 ራሷ ዘፍና አወጣችው። በፖርተር ዋጎነር የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ሰባት ዓመት ከሠራች በኋላ፣ በራሴ ልቁም ብላ ልትለቅ ፈለገች። እሱ እሺ አይልም። ጭቅጭቅ በጭቅጭቅ ሆኑ። በወሬ አልሆን ሲላት ቤቷ ገብታ ይህን ዘፈን ጻፈችና ቢሮው ድረስ ሄዳ ዘፈነችለት። ሰውየው አለቀሰ። ከዚያም ለቀቃት።

እናላችሁ፣ ይህ ዘፈን የስንብት ነው! በፊልሙም ቢሆን የሚመጣው ሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሰነባበቱ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ከመሃል ትቼው ስለተነሳሁ የገባኝ በሦስተኛው ነው።

አሁን አትደንግጥ። የአክስቴ ልጅ ስትዳር ኬኩ የተቆረሰው በዚሁ ዘፈን ነበር። እኔም አጨብጭቤያለሁ! ትዳራቸውም እስከ ዛሬ ሰላም ነው። ያንተዋም ዜማውን ብቻ ወዳ ልካልህ ይሆናል። ግን ሌሊት፣ ያለ ምንም ቃል... ከዚያ ደግሞ አጭር ወሬ... እኔን ያሰጋኝ እሱ ነው።

ስለዚህ ጠይቃት። በቴሌግራም አይደለም፤ ቡና ጋብዛትና ፊት ለፊት። «ያን ዘፈን ስትልኪልኝ ምን ልትዪኝ ፈልገሽ ነው?» በላት። ከዚያ ዝም በል። «ስለምትወጂኝ ነው አይደል?» እያልክ መልሱን አንተ አትሙላላት። ልሂድ ካለችህም እስክትጨርስ ስማት፤ ይህን ለማለት ስንት ሌሊት እንደፈጀባት አታውቅም።

ያለችህን ጻፍልኝ። የግራሙን ነገር ያኔ እናወራለን።