ጠፋች ያልናት የመስቀል ወፍ

አማርኛችን ንጋትን በወፍ ይለካል፤ «ወፍ ጭጭ ሲል» የሚነሣ ገበሬ ሌላ ሰዓት አላሻውም። ገጣሚ ነን የምንል ግን ይህን ሀብት ወርሰን «ወፎች ዘመሩ» ብለን እናልፋለን። የትኛዋ ወፍ? ከየትኛው ቁጥቋጦ? እኔ በባንክ መስኮት የምሠራ ሰው ነኝ። እዚያ «ብር አለ» ብሎ ሒሳብ የለም፤ ኖቱ ተለይቶ ይቆጠራል። ግጥም ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ የሚገባው አይመስለኝም።

የምናገረው ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ» የሚለውን አባባል አምኜ፣ ከዓመታት በፊት ትታኝ ለሄደች ሴት እንዲህ ብዬ ነበር፦

እንደ መስቀል ወፍ ነሽ፣ ታይተሽ የምትጠፊ፣
ካደይ ጋራ መጥተሽ፣ ካደይ የምትረግፊ።

ስንኙን ያፈረሰብኝ የፉሪ ተራራ ነው። እሑድ እሑድ ሳይነጋ እወጣለሁ። ጎሕ ሲቀድ ነፋሱ ገና ስለማይነሣ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ከቀጋውና ከክትክታው ውስጥ ቀድሞ የሚያፏጨው ደረቱ ብርቱካናማ፣ ቅንድቡ ነጭ የሆነው ወፍ ነው፤ የጎረቤቶቹን ዜማ እየቀዳ በራሱ ላይ ይጨምራል። የዓለም መጻሕፍት ይህን ወፍ የሚጠሩት በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችንን በጎበኘው ጀርመናዊ፣ በኤድዋርድ ሩፔል ስም ነው። እኛ «ወፍ» ብለን ያለፍነውን እሱ ቆሞ አይቶታል።

የመስቀል ወፍ የሚባሉት ከአንድ ዓይነት በላይ ናቸው። በፉሪ የማውቀው በክረምትና በመስከረም ጥቁር ለብሶ ትከሻውና ወገቡ ቢጫ የሚሆነውን ነው። ይህ የደመቀው ደግሞ ወንዱ ነው፤ «እሷ» እያልን የምንገጥምለት! የመራቢያው ወቅት ሲያልፍ ላባውን ቀይሮ እንደ ሴቷ ቡናማ ዝንጉርጉር ይሆናል። የትም አይሄድም። አንድ የጥር ማለዳ፣ ተራ ድንቢጥ ብዬ የናቅሁት መንጋ ከሣሩ ሲነሣ የአንዱ ትከሻ ቢጫ ብልጭ አለ። ቆሜ ቀረሁ። ለካስ ዓመቱን ሙሉ አብሮኝ ነበር!

ኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች አሏት። በግጥሞቻችን ውስጥ ስንቶቹን በስማቸው እናገኛለን? ይህ የቃላት ቅንጦት አይደለም። ፉሪ ዛሬ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የሸገር ከተማ አካል ነው፤ ቤቱ ሽቅብ እየወጣ፣ ቁጥቋጦው እየተመነጠረ ነው። ለሰው ቤት ያስፈልገዋል፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን በጥቅሉ «ወፍ» ብቻ ከምንለው መካከል አንዱ ድምፅ ቢጎድል ማን ያውቃል? ስሙን ላልጠራንለት ነገር ሙሾ አናወርድለትም። ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ስለ ንጋት ከመጻፋችን በፊት አንድ ቀን በንጋት እንውጣ፤ ቢያንስ አንዲቱን ወፍ በድምፅዋ እንለያት።

የቀድሞውን ስንኝ እንዲህ አርሜዋለሁ፦

እንደ መስቀል ወፍ ነሽ፣ ከደጄ ላይ ሳለሽ፣
ቀለም ሲሻ ዓይኔ፣ የለችም የሚልሽ።