ነጋዴና የኮምፒዩተር ቃላት

በቡና ገበያ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን ሳያውቅ የሚዋዋል ነጋዴ አይገኝም፤ መለኪያውን ያላወቀ ሰው ትርፉን ለመዛኙ እንደሚተው ሁሉ ያውቃልና። ዛሬ ግን የዕቃና የዱቤ መዝገቡን በኮምፒዩተር ያደረገ ብዙ ነጋዴ የመሣሪያውን ቃላት ለጸሐፊው ትቶ ይኖራል። ይህ የሚያዋጣ አይደለም።

ቃላቱ ብዙዎች አይደሉም። ሃርድዌር በእጅ የሚዳሰሰው መሣሪያ ሲሆን፣ ሶፍትዌር መሣሪያውን የሚያሠራው ትእዛዝ ነው። ራም የሥራ ጠረጴዛን ይመስላል፤ ኃይል ሲቋረጥ በላዩ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ዲስክ ግን እንደ መዝገብ ሣጥን ያስቀመጡትን ይዞ ይቆያል። የመረጃ መለኪያው ባይት ነው፤ 8 ቢት አንድ ባይት ይሆናል፤ ዲስክ ሲገዛ የሚጠየቀው ጊጋባይትም አንድ ቢሊዮን ያህል ባይት ነው። ባክአፕ ማለት የመዝገቡን ግልባጭ በሌላ ዲስክ፣ ቢቻልም በሌላ ቤት ማኖር ነው። ፓስዎርድ የካዝናው ቁልፍ ነው።

ከሁሉ የሚበልጡት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። ዲስክ ይበላሻል፤ ይሰረቃልም። ግልባጭ የሌለው ነጋዴ የማን ዕዳ ስንት እንደ ሆነ በምን ያስረዳል? ቁልፉም በጸሐፊው እጅ ብቻ ያለ እንደ ሆነ፣ ጸሐፊው ሥራውን በለቀቀ ዕለት መዝገቡ አብሮት ሄደ ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዋጋ ስለ ሰጠ፣ የጠፋው ፋይል የጠፋ ማስረጃ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ነጋዴ ዛሬ ማታ ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ ግልባጩ የት ነው? ቁልፉስ በማን እጅ ነው?