«ደህና ነኝ» ስንት ቁጥር ነው?

አክስቴ እዚሁ ፕሊማውዝ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ሆቴል ክፍል ታጸዳለች። ማታ ስትመለስ ደረጃውን በጎኗ፣ አንድ እግሯን እያስቀደመች ነው የምትወጣው። ባለፈው ሁዳዴ እንደ ምንም ለምኜ ክሊኒክ ወሰድኳት።

ነርሷ «ሕመምሽ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። አክስቴ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለች። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ምን ልበል? «2» አልኩ። ቁጥሩን ከራሴ ነው ያወጣሁት። አይቡፕሮፌን በቀን 3 ጊዜ፣ ከምግብ ጋር ተባለና ወጣን።

ግን አክስቴ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ትጾማለች። የጠዋቱንና የቀኑን ኪኒን አጠራቅማ፣ ጾሙን ስትፈታ አንድ ላይ ትውጣቸው ነበር። ይህን ያወቅነው ጨጓራዋ ማቃጠል ሲጀምር ነው። «ትጾሚያለሽ?» ብሎ የጠየቃት የለም። ነርሲንግ የምማረው እኔም አልጠየቅኳትም።

ማድሊን ላይኒንገር የምትባል ነርስ የበሽተኛን ባህል ማወቅ የነርስ ሥራ ነው ማለት ከጀመረች ከ50 ዓመት በላይ ሆኗል። ስለዚህ ጉዳይ ስናወራ ግን ብዙ ጊዜ «ኢትዮጵያውያን እንዲህ ናቸው» የሚል ዝርዝር ይዘን እንቀራለን። የትኞቹ ኢትዮጵያውያን? ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው፤ እሳቸውን ያስጨነቃቸው ሶላት ላይ መንበርከክ አለመቻላቸው ነው። መጠየቅን የሚተካ ዝርዝር የለም።

«ቁርጥማት» የሚለው ቃላችንም ብዙ ነገር ይሸፍናል። ያረጀ ጉልበት ቁርጥማት ነው፤ ሪህም ቁርጥማት ነው፤ ብርድ የመታው ሁሉ ቁርጥማት ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ግን ሌላ ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ከ2 እስከ 3 እጥፍ ያጠቃል፤ ቶሎ ካልታከመ መገጣጠሚያን ያበላሻል። አንዱ ምልክቱ ጠዋት ጠዋት ለረጅም ጊዜ የማይላቀቅ መገተር ነው። ይህን ደግሞ ከ0 እስከ 10 ያለው ቁጥር አያወጣውም። «መስገድ ትችያለሽ? ምጣድ ፊት ስንት ሰዓት ትቆሚያለሽ?» ቢባል ያወጣው ይሆናል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ስንቶቻችን ነን በልጅነታችን ለእናቶቻችን ያስተረጎምነው? እኔ በ12 ዓመቴ ጀምሬያለሁ። እናቴ ስለ ማሕፀኗ በእኔ በኩል እንዴት ታውራ? በ2010 የወጣው የጤና ሕግ ክፍል 1557 የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ ብቁ አስተርጓሚ በነጻ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ልጅን ማስተርጎምም አይፈቀድም።

ለአክስቴ ይህን ስነግራት «አንቺ እያለሽ? ደግሞ አስተርጓሚው የቤተ ክርስቲያን ሰው ቢሆንስ?» አለችኝ። ስጋቷ እውነት ነው፤ እዚህ ከተማ ሁላችንም እንተዋወቃለን። በስልክ የሚያስተረጉም፣ ከሌላ ስቴት የሆነ ሰው ይሁንልን ብለን ጠየቅን። ነርሷም አላስቸገረችንም።

በሁለተኛው ቀጠሮ እኔ ጥግ ላይ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ (ከባድ ነው፣ ሞክሩት)። አክስቴ መጀመሪያ ያነሳችው ጉልበቷን አልነበረም። ጠዋት ስትነሳ ጣቶቿ እንደማይታጠፉ፣ የልብሷን ቁልፍ ለመቆለፍ አንድ ሰዓት ያህል እንደምትጠብቅ ተናገረች። አንድ ቤት እየኖርን ስለ ጣቶቿ ሰምቼ አላውቅም ነበር። የዚያኑ ቀን ደም ተወሰደ፤ ውጤቱን እየጠበቅን ነው።