የድንገተኛ ክፍል ስክሪን ተራን የሚቆጥረው በምንድን ነው?

በደማምም ሆነ በአል ኾባር ድንገተኛ ክፍል ተቀምጦ የሚጠብቅ ሕመምተኛ ከእርሱ በኋላ የደረሰ ሰው ቀድሞት ሲገባ ቅር መሰኘቱ አይቀርም። በሌላ መሥሪያ ቤት ተራ የሚያዘው በመድረሻ ሰዓት ነው፤ እዚህ ግን የሚቀድመው ሕመሙ የከበደው ነው። በሳውዲ ዓረቢያ በስፋት የሚሠራበት የካናዳው መለኪያ ሕሙማንን በ5 ደረጃ ይመድባል። የመጀመሪያው ደረጃ ወዲያውኑ፣ ሁለተኛው በ15 ደቂቃ፣ ሦስተኛው በ30 ደቂቃ ውስጥ ሐኪም እንዲያየው ይጠበቃል፤ አምስተኛው እስከ 120 ደቂቃ ሊቆይ ይችላል።

ዲጂታል ስክሪን የሚያቀለው ይህንኑ ሥራ ነው። ነርሶች በነጭ ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ያጠፉት የነበረውን ሁሉ፣ ማለትም የትኛው አልጋ እንደተለቀቀ፣ የማን የደም ምርመራ እንደደረሰ፣ ማን ከገደቡ በላይ እንደቆየ፣ በአንድ ገጽ ያሳያል። በመጠበቂያው የሚሰቀለው ግን ከስም ይልቅ ቁጥር ቢይዝ ይመረጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራ ላይ የዋለው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋልና።

ይሁንና ስክሪኑ የሚያውቀው የትሪያጅ ነርሷ ያስገባችውን ብቻ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪው ሠራተኛ ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። እኛ ከደረት በታች የሚሰማንን ሕመም ሁሉ «ጨጓራ ነው» ማለት ይቀናናል፤ የልብ ድካምና የልብ ሕመም ምልክት ግን አንዳንዴ በዚያው ቦታ ይሰማል። «ጨጓራ» ተብሎ የተተረጎመ የልብ ሕመም ዝቅተኛ ደረጃ ከተሰጠው፣ ስክሪኑ የተሳሳተውን ተራ በትክክል ያሳያል። «ምች መታኝ» የሚለው ደግሞ ጭራሽ አቻ የለውም። ስለዚህ የሕመሙን ስም ከመገመት ቦታውን በእጅ ማሳየት፣ የጀመረበትን ሰዓት መናገር፣ ላብ ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ መጥቀስ ይበጃል። በዓረብኛ «አለም ፊ ሰድሪ» ማለት ደረቴን ያመኛል ማለት ነው፤ «ዲቅ ነፈስ» ትንፋሽ ማጠር ነው።

ሆስፒታሎችም ስክሪን ሲገዙ በትሪያጅ ጠረጴዛው ላይ በአማርኛና በሥዕል የተዘጋጀ የምልክቶች ሰሌዳ ቢጨምሩ ወጪው ከስክሪኑ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

የተሰጠ ደረጃ እስከ መጨረሻው የጸና አይደለም። እየጠበቁ ሳለ ሕመሙ ከባሰ ወደ ነርሷ ተመልሶ መናገር ተራ መጋፋት አይሆንም፤ ደረጃው እንደገና ይታያል። ቤት ውስጥ ሳሉ ከበረታ ደግሞ የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ በ997 ይጠራል።