ከጅቡቲ ማዶ ስላሉት የባሕር ዳር ከተሞች

ከኢትዮጵያ አስመጪዎችና ላኪዎች መካከል ጅቡቲን የማያውቅ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የሚያውቃት በዶራሌ መጋዘን፣ በጉምሩክ መስኮትና በአስተላላፊው ቢሮ በኩል ብቻ ነው። መርከብ የዘገየበት ነጋዴ በሆቴል ማራገቢያ ሥር ተቀምጦ ስልክ ሲጠብቅ ሦስትና አራት ቀን ያልፍበታል። በዚያው ጊዜ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ ታጁራንና ኦቦክን አይቶ የሚመለስ እምብዛም አይገኝም። ይህ ልማድ ለነጋዴው ጥቅም ሲባል ሊለወጥ ይገባዋል።

ከጅቡቲ ወደ ታጁራ በመኪና የሚሄድ ሰው ባሕረ ሰላጤውን ዞሮ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በባሕር የሚሄድ ግን በቀጥታ ይሻገራል። የሚቻለው በአንዱ ሄዶ በሌላው ቢመለስ መልካም ነው። በየብስ በኩል ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ሲባል፣ ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የተኛው የአሳል ሐይቅ ዳርቻው በጨው ነጥቶ ይታያል። ከዚህ ስፍራ ጨው በአፋሮች ግመል እየተጫነ ወደ ሸዋ ይወጣ ነበር።

ታጁራ ከጅቡቲ ይልቅ እጅግ የቆየች፣ ቤቶቿ የነጡ፣ መስጊዶቿ የበዙ ከተማ ናት። ጅቡቲ ገና ሳትቆረቆር ወደ ሸዋ የሚወጣው ቅፍለት የሚነሣው ከዚህች ነበር። ቅኔውን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊ አርተር ራምቦ ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1885 መጨረሻ ታጁራ ቢወርድ፣ ፈቃድና ግመል ሲጠብቅ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀረው። በ1887 ሸዋ ሲደርስም የሟች ሸሪኩ አበዳሪዎች ከበቡት፤ ንጉሡም ጠመንጃውን እርሱ ባሰበው ዋጋ አልገዙለትም። ኮንቴይነሬ ሃያ ቀን ወደብ ላይ ቆየብኝ ብሎ የሚያማርር ሰው ይህን ቢያስብ ጥቂት ይጽናናል።

በ2009 ዓ.ም. በታጁራ አዲስ ወደብ ተመርቋል። ሲሠራ በተለይ የታሰበው የአፋርን ፖታሽ ለመላክ ነበር፤ ፖታሹ ግን በታሰበው መጠን ገና አልወጣም። ከወደቡ ወደ ባልሆ የሚወስደው መንገድ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ ለሚገባ ዕቃ ርቀቱን ያሳጥራል። ሆኖም ርቀት አጠረ ማለት ወጪ ቀነሰ ማለት አይደለም። መርከብ በወር ስንት ጊዜ ይገባል? ክሬኑ የሚያነሣው ምን ያህል ነው? የጭነት መኪናው ወደ ወደብ ሲመለስ የሚጭነው ያገኛልን? የወሎና የትግራይ ነጋዴ ይህን ሁሉ ከአስተላላፊ አፍ ከሚሰማ ራሱ ሄዶ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ጥያቄውን ከጨረሰም ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው፣ ፈረንሳዮች «ነጭ አሸዋ» ባሉት ዳርቻ ቢታጠብ ማንም አይቀየመውም።

ለጉዞው የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ በበጋቸው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በአንድ የአሜሪካ ዶላር 177.721 ሆኖ ስለ ተወሰነ፣ ወጪን አስቀድሞ ማስላት አያስቸግርም።

ከታጁራ 60 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ ኦቦክ ትገኛለች። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1862 ከአፋር ባላባቶች በ10,000 ማርያ ቴሬዛ ብር በውል ገዛቻት፤ ከ1884 ጀምሮም መቀመጫዋ አደረገቻት። ዳሩ ግን የጅቡቲ መልሕቅ መጣያ የተሻለ፣ ወደ ሐረር የሚወስደውም መንገድ የቀለለ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በ1890ዎቹ መቀመጫው ወደዚያ ተዛወረ። ኦቦክም የዓሣ አጥማጆች ከተማ ሆና ቀረች።

በኦቦክ ዳርቻ የሚታየው ግን ባሕሩ ብቻ አይደለም። ሥራ ፍለጋ ወደ የመን ለመሻገር ከወሎ፣ ከትግራይና ከኦሮሚያ በእግራቸው የመጡ ወጣቶች በዛፍ ጥላ ሥር ጀልባ ሲጠብቁ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ከየመን ይመለሱ የነበሩ ሁለት ጀልባዎች በሁለት ሳምንት ልዩነት በዚሁ ዳርቻ አጠገብ ሰጥመው ብዙ ኢትዮጵያውያን አልቀዋል። እነዚህ ልጆች በየከተማችን መጋዘንና ሱቅ ደጃፍ ሥራ ጠይቀው የተመለሱ ናቸው።

እንግዲህ የንግድ ምክር ቤቶች በመጪው ኅዳር ከአባሎቻቸው ጥቂቱን አሰባስበው ለአራት ቀን ወደዚህ ዳርቻ ቢልኩ፣ ከየወደቡ ኃላፊዎች ጋርም አስቀድመው ቀጠሮ ቢያስይዙ፣ ወጪው አንድ ኮንቴይነር ወደብ ላይ ሲዘገይ ከሚከፈለው ኪራይ እምብዛም አይበልጥም።